ልጃችሁ ከመዝመቱ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ባል ላላችሁ ሐበሾች ነው። ታናሽ ወንድሜ የዘመቻ ትእዛዝ ደርሶታል። መቼና ወዴት እንደሚሄድ አልናገርም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ጸሎቱንና ሽኝቱን እናውቅበታለን። እናታችን ሱባኤ ገብታለች፣ ስለት ተስላለች፣ ዳቦ ቆሎውና በሶው ተዘጋጅቷል። የምንሸሸው ወረቀቱን ነው። ወንድሜ "ብሞት ገንዘቡ ለማን ይሁን" የሚለውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ እማዬ "ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት ነው?" ብላ ተነስታ ወጣች። ፍርሃቷ የእኔም ነው። ግን ቅጹን መሙላት ሟርት አይደለም። ከመዝመቱ በፊት ለእሱ ልናደርግለት ከምንችለው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ቤቱ መልክ ሳይይዝ የሄደ ወታደር ሐሳቡ ለሁለት ይከፈላል።

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዲዲ ፎርም 93 ይባላል። ክፉ ነገር ቢመጣ ለማን እንደሚነገር፣ ለቤተሰብ የሚሰጠው 100,000 ዶላር ለማን እንደሚከፈል፣ የቀብሩን ነገር ማን እንደሚወስን እዚያ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው የሕይወት መድኑ ነው፤ ኤስጂኤልአይ ይሉታል። ከመጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ስሙ ለተጻፈ ሰው ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ አያከፋፍለውም፤ ፍቺም ቢሆን በራሱ የቀድሞዋን ሚስት ስም አይሰርዝም። ስለዚህ ልጁ ሲቀጠር የሞላው አሁንም የሚፈልገው መሆኑን ይይ።

የእኛ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእናትየው ሁለተኛ ስም የአባቷ ነው፣ የልጇም የአባቱ ነው፤ ለአሜሪካዊው ጸሐፊ ዝምድናቸው አይታየውም። ስሟ ፓስፖርቷ ላይ ባለው አጻጻፍ፣ ፊደል ሳይዛነፍ ይሞላ። ወላጆች አገር ቤት ከሆኑ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ፣ ከዚያም በላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ስልክ ይጻፍ። ውክልና ካስፈለገ ጠቅላላ ውክልና ከመስጠት ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ መስጠቱ ይሻላል፤ የጦር ሰፈሩ የሕግ ቢሮ ያለ ክፍያ ያዘጋጅለታል።

አሁን ስለ መርዶ። አባት አገር ቤት ሲያርፍ "ልጁ እስኪመለስ አይነገረው" ማለት ልማዳችን ነው። እኔ አልስማማም፤ ቢያንስ ሳይሄድ ራሱ ይጠየቅ። ወንድሜ "የመጣው ይምጣ፣ ንገሩኝ" ብሏል። መልእክቱ ለወታደሩ የሚደርስበት መንገድ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው፤ 1-877-272-7337 ቀንም ሌሊትም ይሠራል። የወታደሩን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቀንና የክፍሉን ስም፣ እንዲሁም የታመመ ሰው ከሆነ የተኛበትን ሐኪም ቤት ይጠይቃሉ። አጣርተው ለአዛዡ ያደርሳሉ። ወደ ቤት እንዲመጣ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚከለክለውም አዛዡ ነው፣ ቀይ መስቀል አይደለም። እነዚህን መረጃዎች ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፈናቸዋል።

ለእናቶች ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ጦሩ የወታደርን ሞት ለቅርብ ቤተሰብ የሚያረዳው ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ቤት ድረስ ልኮ ነው። ስለዚህ የማታውቁት ስልክ በጮኸ ቁጥር አትደንግጡ። ደውሎ "ልጃችሁ ቆስሏል፣ ለሕክምና ገንዘብ ላኩ" የሚል ካለ አጭበርባሪ ነው። ስልኩን ዝጉበት።

ቀኑን ያልነገርኳችሁ ለዚህ ነው፦ የሚነሱበት ቀን፣ የክፍሉ ስምና የሚሄዱበት ቦታ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከወጣ አደጋው ለእሱ ብቻ አይደለም፣ አብረውት ላሉት ሁሉ ነው። የእኛ ሽኝት ትልቅ ነው፤ አዳራሽ፣ ኬክ፣ ቪዲዮ። ብሉ፣ ጨፍሩ፣ መርቁት፤ ቪዲዮው ግን ቲክቶክ ላይ አይውጣ። ሰው ሲሞትም እንዲሁ ነው። መከላከያ ሚኒስቴሩ የሟችን ስም ለሕዝብ የሚያወጣው ቤተሰብ ከተረዳ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። "ነፍስ ይማር" ብሎ ለመለጠፍ የቸኮለ ዘመድ እናትን በፌስቡክ ሊያረዳ ይችላል።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ፦ የውጊያ ቀጠና ውስጥ የሚያገለግል ተራ ወታደር ደመወዝ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ነው። እስከ 10,000 ዶላር በዓመት 10 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት የቁጠባ ፕሮግራምም አለ። ዘመቻው 90 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ የቤት ኪራይ ውሉን ያለ ቅጣት ማቋረጥ ይችላል። አደራ፣ "ደመወዝህ ጨመረ" ብላችሁ ብድር አትጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። መሄጃው ሲቃረብ ልጁ ዝም ይላል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ክፍሉ ገብቶ በር ይዘጋል። ብዙ የወታደር ቤተሰቦች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በጭቅጭቅ ያሳልፋሉ። ስለጠላችሁ አይደለም፤ ሰው ሊለይ ሲል ልቡን አስቀድሞ ያሸሻል። "ምን ሆንክ?" እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ቡና አፍልታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሲፈልግ ያወራል።

ትእዛዝ የደረሰው ልጅ ቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ ይህን ጠይቁት፦ "ዲዲ 93 ላይ የማንን ስልክ ነው የጻፍከው?" ቁጥሩ የተቀየረ ከሆነ ነገ ሄዶ ያስተካክል።