«አሸነፈ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ ልበል። ዞሬ እዚያው መግባቴ ግን አይቀርም።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) የሎስ አንጀለስ ማራቶን ከዶጀር ስታዲየም ተነሥቶ ሳንታ ሞኒካ፣ ውቅያኖሱ አጠገብ ሲጠናቀቅ፣ በወንዶች ማርቆስ ገነቲ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ፣ በሴቶች ብዙነሽ ዴባ አንደኛ ወጡ። ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው። ይህንን ለፈረንጅ ጎረቤታችሁ እንዴት ትነግሩታላችሁ? «ወጡ»ን ቃል በቃል ካስተላለፋችሁት ሩጫውን አቋርጠው ሄዱ ብሎ ይረዳችኋል። እንግሊዝኛው «ካም ፈርስት» ነው፤ እኛ የምንወጣውን አንደኛነት እነሱ ይመጡታል።

ትልቁ ስሕተት ግን ይህ አይደለም። «አሸነፈ» ለእኛ ሁሉን ቻይ ቃል ነው፤ ለሩጫውም፣ ለሰውየውም፣ ለምርጫውም ይሆናል። እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። ሩጫ፣ ሜዳሊያ፣ ምርጫ፣ የፍርድ ቤት ክርክር ከሆነ «ዊን» ነው። ሰው ወይም ቡድን ከሆነ «ቢት» ነው። ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዘን ስንቀመጥ «አርሰናል ወን ቼልሲ» ሲባል እሰማለሁ፤ አርሰናል ቼልሲን በሎተሪ አገኘው እንደ ማለት ነው። «አርሰናል ቢት ቼልሲ» በሉ። ላለፈ ጊዜም ቃሉ አይለወጥም።

ችግሩ «ቢት» ደበደበ ማለትም መሆኑ ነው። እኛም «ገረፍናቸው»፣ «ቀጠቀጥናቸው» እንል የለ? በኳስ ወሬ ማንም አይሳሳትም። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መርማሪ ፊት ስትቀመጡ ግን ሌላ ነው። ስለ 1997ቱ ምርጫ ተጠይቃችሁ «ዘይ ቢት አስ» ብትሉ፣ በድምፅ በለጡን ነው ወይስ በዱላ መቱን? መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ጠያቂው የገባው ነው። በኋላ «እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» ስትሉ፣ ቃሉን ለወጠ የሚል ጥርጣሬ ይነሣባችኋል፤ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ደግሞ መታመን ግማሽ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ የድምፁን ነገር «ዘይ ወን ዚ ኢሌክሽን» በሉ። የዱላውን ነገር ስትናገሩ ማን፣ የት፣ በምን እንደመታችሁ ጨምሩበት። በአስተርጓሚ የምትናገሩም «አሸነፉን»ን እና «መቱን»ን ለይታችሁ ንገሩት፤ ሲያስተላልፍም ጆሯችሁን ጣሉበት።

ፈቃዱ የተገኘ ዕለት «አይ ወን ማይ ኬዝ» ነው የሚባለው። ደስታው አናታችሁ ላይ ወጥቶ «አይ ቢት ዘ ጀጅ» እንዳትሉ!