አስተማማኙ አውቶማቲክ ካምቢዮ የማን ነው?

አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ካምቢዮ ነው። አንደኛው የቶዮታ ካምቢዮ ሞት አያውቅም ይላል፤ ሁለተኛው የሆንዳን የሚያህል የለም ሲል ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአሜሪካኖቹን ሥራ ያወድሳል። ሁሉም ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው የራሱን ወይም የዘመዱን መኪና ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ የመጀመሪያውን መኪና የሚገዛ ወጣት ሠራተኛ ይህን ወሬ ሰምቶ ገንዘቡን ያወጣል። የተበላሸ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማሳደስ ደግሞ ሞተር ከማሳደስ የማይተናነስ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ የተፎካካሪዎቹን ፋብሪካዎች የሥራ ታሪክ አንድ በአንድ ማየት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ካምቢዮው ምን ይሠራል?

ሞተር ጉልበት የሚኖረው በፍጥነት ሲዞር ነው። መኪና ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ዙር ብዙ፥ የጎማው ዙር ግን ጥቂት መሆን ይኖርበታል፤ በሜዳ ሲገሠግሥ ደግሞ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ይህን የሚያመዛዝነው ካምቢዮ ነው። በእጅ በሚለወጠው ካምቢዮ ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ያስገባል። በአውቶማቲኩ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው።

ሁለት የነፋስ ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ቢቀመጡና አንደኛው ቢለኮስ፥ የእርሱ ነፋስ ሁለተኛውን ያዞረዋል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥም በዘይት በተሞላ ከበሮ ሁለት ባለ ምላስ ጎማዎች ይተያያሉ፤ ሞተሩ የሚያዞረው ዘይቱን ይወረውራል፥ ሌላው የተወረወረውን ተቀብሎ ይዞራል። ከዚህ በስተኋላ፥ ፕላኔቶች ፀሐይን እንደሚዞሩ፥ ትንንሽ ጥርሶች በአንድ መካከለኛ ጥርስ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። የትኛው ጥርስ ተይዞ የትኛው እንደሚለቀቅ የሚወስኑት ቀበቶዎችና ስስ የፍሪሲዮን ሳህኖች ናቸው፤ እነዚህንም የሚጨብጣቸው የዘይት ግፊት ነው። እንግዲህ በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ኀይል ያስተላልፋል፥ ይጨብጣል፥ ያቀዘቅዛል። ዘይቱ በሙቀት ከተቃጠለ ወይም ዓይነቱ ከተሳሳተ ጠቅላላው ሥራ ይዛባል።

የአሜሪካኖቹ ውድድር

በብዛት ተሠርቶ ለሕዝብ በመሸጥ የመጀመሪያ የሆነው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጄኔራል ሞተርስ በ1939 ያወጣው «ሃይድራማቲክ» ነው። ባለ አራት ማርሽ ሲሆን መጀመሪያ የተገጠመው በኦልድስሞቢል ላይ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ቀላል ታንኮች ላይ ተገጥሞ በጦር ሜዳ ስለ ተፈተነ፥ ከጦርነቱ በኋላ ስሙ ገነነ። ተፎካካሪዎቹ እነ ሊንከን፥ ናሽና ሃድሰን ሳይቀሩ ገዝተው በመኪናቸው ላይ ገጠሙት፤ የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስም በፈቃድ ሠራው። በነሐሴ ወር 1953 በሚሺገን ግዛት በሊቮኒያ ከተማ የነበረው የሃይድራማቲክ ፋብሪካ በእሳት ሲጋይ፥ ካዲላክና ኦልድስሞቢል የቡዊክን ካምቢዮ፥ ፖንቲያክ ደግሞ የሼቭሮሌን ካምቢዮ እየተዋሱ ለመሥራት ተገደዱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመኪናው ስምና የካምቢዮው ሠሪ ልዩ ልዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ በግልጽ ታየ።

በ1950 ሼቭሮሌ «ፓወርግላይድ» የተባለውን አወጣ። ሁለት ማርሽ ብቻ ስለ ነበረው ብዙዎች ንቀውት ነበር። ነገር ግን የሚበላሽ ነገር ጥቂት በመሆኑ እስከ 1973 ድረስ ተሠራ፤ ጠንካራነቱን የተረዱ የእሽቅድምድም ሰዎችም ዛሬ ድረስ ይፈልጉታል። ክራይስለር በበኩሉ በ1956 ባለ ሦስት ማርሹን «ቶርክፍላይት» አቀረበ። ይህ ካምቢዮ በከባድ መኪናና በፖሊስ መኪና ላይ ሳይቀር ታማኝነቱን ስላስመሰከረ፥ እንደ ጄንሰንና ብሪስቶል ያሉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለራሳቸው መኪና መረጡት። ጄኔራል ሞተርስም በ1964 «ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400» የተባለውን ሲያወጣ፥ ሮልስ ሮይስ፥ ጃጓርና ፌራሪ እያንዳንዳቸው በየጊዜው ተጠቀሙበት። በ1960ዎቹ ዓመታት የትኛው አሜሪካዊ ፋብሪካ አስተማማኝ ካምቢዮ ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ የሚል መልስ ማግኘት ቀላል ነበር።

ስም ያላዳነው ሥራ

ነገር ግን በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መኪናዎች ሁሉ እንዲቀሉ ተፈለገ። ጄኔራል ሞተርስ በ1976 «ቱርቦ ሃይድራማቲክ 200» የተባለ ቀላል ካምቢዮ አወጣ። ለትንንሽ መኪና የሚስማማውን ይህን ካምቢዮ ፋብሪካው በትልልቆቹ ላይ ጭምር ገጠመው፤ ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ሳይደርስ ተበላሹ። ጉዳዩ እስከ መንግሥት ድረስ ደርሶ፥ በ1983 ኩባንያው የባለ መኪናዎቹ አቤቱታ በሽምግልና እንዲታይ ተስማማ። «400»ን ሠርቶ የተመሰገነውና «200»ን ሠርቶ የተከሰሰው አንድ ፋብሪካ ነው።

የፎርድ ነገር ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ነበር። በ1970ዎቹ በተሠሩት አውቶማቲክ መኪናዎቹ፥ ነጂው በማቆሚያው ላይ ያደረገው የሚመስለው ማርሽ በትክክል ሳይገባ ይቀርና፥ ሞተሩ እየሠራ ሳለ በራሱ ወደ ኋላ ማርሽ ይገባል የሚል አቤቱታ በብዛት ቀረበ። ሰዎች በገዛ መኪናቸው ተገጭተው መሞታቸውም ተመዘገበ። በ1980 መንግሥትና ኩባንያው በደረሱበት ስምምነት፥ መኪናዎቹ ለጥገና በመጠራት ፈንታ፥ ለ23 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተልኮ ባለቤቶቹ በመኪናው ውስጥ እንዲለጥፉት ተደረገ። ውሳኔው ብዙ ወቀሳ አስከትሏል። አስተማማኝነት ሲባል ሜካኒኩን ብቻ ሳይሆን፥ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ፋብሪካው የሚወስደውን እርምጃም ይጨምራል።

ክራይስለርም ቢሆን አልዳነም። በ1989 «አልትራድራይቭ» የተባለ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሲያወጣ ሐሳቡ ከጊዜው የቀደመ ነበር። ዳሩ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት በብዛት ተበላሹ። ለዚህም አንዱ ምክንያት፥ ካምቢዮው የራሱ ልዩ ዘይት የሚያስፈልገው ሲሆን ብዙ ጋራዦች በሰፊው የሚሸጠውን ሌላ ዘይት መጨመራቸው ነው።

ጃፓኖችና ጀርመኖች

ሆንዳ የፕላኔቱን ሥርዓት ትቶ፥ እንደ እጅ ካምቢዮ ጥርሶቹ በትይዩ ዘንጎች ላይ የሚዞሩበትን የራሱን አሠራር መረጠ። ይህ በትንንሽ መኪናዎቹ ላይ ደኅና አገለገለ። ነገር ግን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአኮርድና በኦዲሴ ላይ ሲገጠም ጭነቱ በዛ፤ የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ በሙቀት ይጎዳና ሊሰበር ይችል ነበር። በ2004 ሆንዳ 1.1 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን ለምርመራ ጠራ። ለብዙዎቹ የተሰጣቸው መድኃኒት፥ ዘይት ወደዚያ ማርሽ የሚረጭ ትንሽ ቱቦ መግጠም ነበር። ሞተሩን በጥንካሬው ያስመሰገነ ፋብሪካ በካምቢዮው ተቸገረ ማለት ነው።

ቶዮታ ደግሞ ካምቢዮዎቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው አይሲን ከተባለው ተባባሪው ነው። ይህ ድርጅት በ1969 ከአሜሪካው ቦርግ ዋርነር ጋር በሽርክና የካምቢዮ ሥራ ጀመረ። የእነዚህ ካምቢዮዎች ዝና ከቶዮታ ውጭም የታወቀ ነው፤ ቮልቮና ጂፕ ቼሮኪ የአይሲንን ካምቢዮ ገጥመው ለብዙ ዓመታት ሲነዱ ኖረዋል። ሆኖም ቶዮታም ፍጹም አይደለም፤ ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አንዳንድ ራቭ ፎሮች ካምቢዮውን በሚያዘው ኮምፒዩተር ጉድለት የተነሣ ማርሽ ሲለውጡ እየደነገጡ ባለቤቶቹን አስቸግረዋል።

ኒሳን ጥርስ በሌለውና በብረት ቀበቶ በሚሠራው ካምቢዮ ላይ ከሁሉ ቀድሞ በሰፊው ቢተማመንም፥ አቤቱታው ስለ በዛ በ2009 በአሜሪካ የዋስትናውን ዘመን ወደ 10 ዓመት አራዘመ። የጀርመኑ ቮልክስዋገን በ2013 ባለ ሰባት ማርሽ ካምቢዮ ያላቸውን 1.6 ሚሊዮን መኪናዎች የጠራው በዘይት ምክንያት ነው፤ የተጠቀመበት ሰው ሠራሽ ዘይት በሙቀትና በእርጥበት አገር የኤሌክትሪክ ብልሽት ስላመጣ በማዕድን ዘይት እንዲለወጥ አደረገ። ፎርድም በፊየስታና በፎከስ ላይ በገጠመው «ፓወርሺፍት» የተነሣ፥ የደንበኞቹን አቤቱታ በአግባቡ ባለማስተናገዱ በ2018 በአውስትራሊያ ፍርድ ቤት 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን?

ከላይ እንዳየነው ሁልጊዜ ያሸነፈ ወይም ሁልጊዜ የተሸነፈ ፋብሪካ የለም። ካምቢዮዎቹ የተበላሹባቸው ምክንያቶች ግን ይመሳሰላሉ። ለትንሽ ጭነት የታሰበው ለትልቅ ጭነት ሲውል፥ አዲስ ሐሳብ በቂ ፈተና ሳያልፍ ገበያ ሲወጣ፥ ዘይቱ ሲሳሳት ወይም ሙቀት ሲበዛ ነው። የጸኑት ደግሞ ከሚሸከሙት ጭነት በላይ ጉልበት የተጠበቀላቸውና በብዙ ዓመታት ሥራ ጉድለታቸው እየታረመ የመጡት ናቸው። በዚያ ላይ ጄኔራል ሞተርስና ፎርድ የሚፎካከሩ ሆነው ሳለ ካምቢዮ አብረው ነድፈዋል፤ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮም በቢኤምደብልዩ፥ በአውዲና በጃጓር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በመኪናው አፍንጫ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም።

ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው፥ «የማን መኪና ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ «የትኛው ካምቢዮ ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ? ከየትኛው ሞተር ጋር ተገጠመ?» ብሎ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የካምቢዮው ዓይነት በሞተሩ ክፍል በተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ዘይቱን መመልከት ነው፤ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ውስጡ የሚበላ ሳህን እንዳለ ያመለክታል። ማርሹ ከገባ በኋላ መኪናው ለመሄድ የሚዘገይ፥ ወይም ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ፥ የሻጩ ምስጋና የቱን ያህል ቢጣፍጥ መተው ይሻላል።

ይህ ጥንቃቄ በአገራችን እጥፍ ያስፈልጋል። ወደ እኛ ከመጡት መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር የተነዱ ናቸው፤ የአገራችንም መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ለአንድ ካምቢዮ ፋብሪካው ያዘዘውን ዘይት በጊዜው መለወጥ ሙሉ ዕድሳት ከሚጠይቀው ገንዘብ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ወጪ ነው። ጋራዡ ያለውን ዘይት ሲጨምርልዎ ዝም ብለው አይዩ፤ ቆርቆሮውን አንሥተው ስሙን ያንብቡ።