ኮምፔንሳቶን የሚበላው የካፋ አየር አይደለም

«ካፋ ውስጥ ኮምፔንሳቶ አይበረክትም፤ የአገሩ እርጥበት ይበላዋል።» ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ በር ወይም ኮርኒስ ያሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። አናጺው ይለዋል፣ ነጋዴው ይደግመዋል፣ መፍትሔውንም እዚያው ያቀርባል፦ «ማሪኑን ውሰድ፤ ከማይበሰብስ እንጨት ስለሚሠራ ለጀልባም ይሆናል።» ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ወሬው ሁለት ስህተት ይዟል። የመጀመሪያው አየሩን ይከስሳል፤ ሁለተኛው ኪስ ያራቁታል።

ሺሺንዳ ጀልባ የላትም። ቢሆንም ስለ ኮምፔንሳቶና ውሃ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጀልባ ጠጋኞችን ቢጠይቅ ያዋጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ጃክ ሆልትና ባሪ ባክኔል የነደፉት «ሚረር» የተባለ ትንሽ የሸራ ጀልባ አለ። ከስስ ኮምፔንሳቶ ተቆርጦ፣ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቶ፣ ስፌቱ በፋይበርግላስና በሬዚን ይታሸጋል። ከ70 ሺህ በላይ ተሠርቷል፤ የግማሽ ምዕት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ዛሬም ይቀዘፋሉ። ለጀልባ ኮምፔንሳቶ እጅግ ከሚፈለጉት እንጨቶች አንዱ ደግሞ የጋቦኑ ኦኩሜ ነው። ኦኩሜ ቀላልና ለሥራ የሚመች ነው እንጂ መበስበስን የሚቋቋም እንጨት አይደለም። «የማይበሰብስ እንጨት» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ያበቃል።

ታዲያ የሚበላው ማን ነው? ፈንገስ። የሚበላበትን መንገድ በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

እንጨት ውሃ የሚይዝበት ሁለት ቦታ አለው፦ የሕዋሱ ግድግዳና ግድግዳው የከበበው ባዶ ቦታ። ከአየር የሚመጣ እርጥበት የሚገባው ግድግዳው ውስጥ ነው። ግድግዳው የሚጠግበው የውሃው መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ባዶውን ቦታ ይሞላል። ፈንገሱ ጥርስ የለውም። ኢንዛይም ይለቅቃል፤ ኢንዛይሙ ወደ ሴሉሎሱ የሚደርሰውም በዚህ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ እየዋኘ ነው። ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ ሥራውን አይጀምርም። አሁን የካፋን አየር እንመዝን። አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን እንኳ ጣሪያ ሥር ያለ እንጨት 16 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። ጭጋግ ለሳምንታት በማይለቅበትና ነፋስ በማይገባው ክፍል ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ከዚህ ውጭ ግን አየር ብቻውን በር አያበሰብስም። የሚያበሰብሰው ፈሳሽ ውሃ ነው፤ ፈሳሽ ውሃ ደግሞ መግቢያ በር ይፈልጋል።

መግቢያው ጠርዝ ነው። የመታጠቢያ ቤትዎን በር ከማጠፊያው አውልቀው ታችኛውን ጠርዝ ይዩት። ፊቱ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ ታቹ ግን መጋዝ እንደተወው ጥሬ ነው። ኮምፔንሳቶ የሚሠራው ስስ ንጣፎችን ቃጫቸው አንዱ በሌላው ላይ እንዲሻገር አድርጎ በማጣበቅ ነው። ስለዚህ በየትኛውም ጠርዝ በኩል ቢያዩት ከንጣፎቹ ከፊሎቹ የቃጫቸውን ቁርጥ ወደ ውጭ ያዞራሉ፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ወለል የታጠበበትን ውሃ ወደ ላይ ይስቡታል። የጠጣ ንጣፍ ከቃጫው አግድም ሊያብጥ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱ ግን በቃጫው ርዝመት ስለማያብጥ ይይዘዋል። ግፊያው ሁሉ የሚያርፈው ሙጫው ላይ ነው።

ለዚህ ነው «ማሪን» የሚለው ስም እውነት የሚሆነው በሙጫው በኩል የሆነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውለው የዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ሙጫ በሙቀትና በውሃ እየተፈታ ይሄዳል። የፌኖል ፎርማልዲሃይድ ሙጫ ግን ቢቀቀልም አይለቅም። የእንግሊዙ የጀልባ ኮምፔንሳቶ ደረጃ ቢኤስ 1088 አጥብቆ የሚጠይቀውም ይህን ዓይነት ሙጫና እንከን የሌለበት ንጣፍ ነው።

ውሃ ሲበዛ ደግሞ ፈንገሱ ራሱ ይታፈናል፤ ኦክስጅን ይፈልጋላ። የስዊድኑ የጦር መርከብ ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 ሰምጦ በ1961 ሲወጣ አብዛኛው አካሉ ነበረ። ጀልባ የሚበሰብሰው ከላይ፣ የዝናብ ውሃ በሚቋጠርበት ማዕዘን ነው። የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው የሚያደርቁት ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ነው፤ ማድረቁ ግን ፈንገሱንም ያስርበዋል።

ጠጋኙ የጀልባውን አካል በትንሽ መዶሻ ጀርባ እያንኳኳ ይሄዳል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ይደነቁራል፣ ወስፌም ያለ ልፋት ይገባዋል። ያን ክፍል ከጤነኛው ጋር አስፍቶ ይቆርጣል፣ የቀረውን ያደርቃል። አዲሱን ቁራጭ አፍ ለአፍ አይገጥመውም፤ የቃጫ ቁርጥ ሙጫ አይዝም። ሁለቱንም ጠርዝ በመላጊያ ያስለምጠዋል፦ ለ6 ሚሊሜትር ውፍረት 48 ሚሊሜትር ተዳፋት፣ ማለትም አንድ ለስምንት። ከዚያ ኤፖክሲ፤ በመጨረሻም ጠርዙን ሁሉ ማሸግ።

እዚህ ላይ እኛ የእንጨት ሰዎች መጨቃጨቅ እንጀምራለን። ቀጭን ኤፖክሲ አጠጥቶ የበሰበሰውን ማዳን ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ከቃጫው አግድም ብዙ አይዘልቅም፣ የተበላ ሴሉሎስም አይመልስም። ለትንሽ ጌጥ ሊያገለግል ይችላል፤ ሸክም ለሚይዝ ነገር ግን አይሆንም። ውስጡንም ውጭውንም ማሸግ ይሻላል ወይስ አንዱን ወገን እንዲተነፍስ መተው በሚለው ላይ ደግሞ ሁለቱም ወገን አሳማኝ ነገር አለው፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ማሸግ ጥፋት መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ይኸው ፈንገስ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው የካፋ ደን፣ የወደቀውን ቀረሮ ወደ አፈር ሲመልስ ጠላት የሚለው የለም። ቤትዎ እንዳይገባ ማድረግ የእርስዎ ፈንታ ነው። «ማሪን» ሲሉዎት ቁራጭ ይጠይቁና ለጥቂት ሰዓታት ቀቅለው ያድርቁት፤ ንጣፎቹ ከተላቀቁ ተጨማሪውን ብር አይክፈሉ። ርካሹንም ቢገዙ አናጺው በሩን ከመስቀሉ በፊት የታችኛውን ጠርዝ ደጋግሞ እንዲቀባ ያድርጉ።