መልካም የብድር ስም ይዞ ስለ መከልከል

ብድር በሁለት ነገር ይቆማል። አንደኛው የተበዳሪው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛውም አቅሙ ነው። አቅም ኖሮት ለመክፈል የማይፈቅድ አለ፤ ለመክፈል እየፈቀደም አቅም የሚያንሰው አለ። ስለዚህ በቀደመው ዘመን ባገራችን ገንዘቡን የሚያበድር ሰው ዋስ ይጠራ፥ መያዣም ይቀበል ነበር። ዋሱ ስለ ሰውየው ጠባይ ይመሰክራል፤ መያዣውም አቅም የጐደለ እንደሆነ ጕድለቱን ይሞላል።

በአሜሪካ አገር ግን አበዳሪና ተበዳሪ የማይተዋወቁ ስለ ሆኑ የዋሱን ምስክርነት ቍጥር ተክቶታል። ይህም ቍጥር ክሬዲት ስኮር ይባላል። ኤክዊፋክስ፥ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ታላላቅ ኩባንያዎች የተበዳሪዎችን አከፋፈል ከባንኮች እየተቀበሉ በመዝገብ ያኖራሉ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ፌር አይዛክ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ይህን መዝገብ ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ የሚመዝን ስሌት በ1989 ዓ.ም. አወጣ። በዚሁ ስሌት ከመቶው 35ቱ ዕዳን በቀኑ ከመክፈል፥ 30ው ካለው ዕዳ መጠን፥ 15ቱ ከመዝገቡ ዕድሜ ይገኛል፤ የቀረው 20 አዲስ ብድር ከመጠየቅና ከብድሩ ዓይነት ነው። ከ670 ጀምሮ ያለው ነጥብ መልካም ይባላል።

ነገር ግን ነጥባቸው ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ብድር የሚከለከሉ ብዙዎች ናቸው። «ቀን ሳላሳልፍ ከፍዬ፥ ስሜን ጠብቄ፥ ስለ ምን ተከለከልሁ?» እያሉ ያዝናሉ። ኀዘናቸው የሚገባ ነው፤ ይሁን እንጂ ነጥቡ የሚመሰክረው ስላለፈው አከፋፈል ነው እንጂ ስለ ዛሬው አቅም አይደለም። የሰውየው ደመወዝ በነጥቡ ውስጥ ከቶ አይቈጠርም። አበዳሪው ግን ደመወዙን ይጠይቃል፤ ከወር ገቢው ስንቱ ለሌላ ዕዳ እንደሚሄድ ይመዝናል፤ በሥራው ስንት ዘመን እንደ ቈየም ይመረምራል። ከዚህም በቀር የነጥቡ ስሌት አንድ ብቻ ስላይደለ፥ ተበዳሪው በእጁ ያየው ቍጥርና አበዳሪው ያየው ቍጥር ሊለያዩ ይችላሉ።

ይህ ነገር ወደዚያ አገር የተሻገሩትን ወገኖቻችንን አጥብቆ ይነካል። በዋሺንግተንና በዙሪያዋ ካሉት መካከል ታክሲ በመንዳትና ሱቅ በመክፈት የሚተዳደሩ አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ግብሩን ሲያስታውቅ የቤንዚኑን፥ የጥገናውንና የመድኑን ወጪ በሕግ ይቀንሳል። ቤት ሊገዛ ብድር በጠየቀ ጊዜ ባንኩ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት የግብር ወረቀት ያስቀርባል፤ የሚቈጥርለትም በእጁ የገባውን ሁሉ ሳይሆን ከወጪ የተረፈውን ነው። እንግዲህ ግብሩን ያቀለለለት ሒሳብ ብድሩን ያከብድበታል። እንዲሁም ባዲስ አበባ የባንክ ዕዳውን ብዙ ዘመን በታማኝነት የከፈለ ሰው፥ የአከፋፈሉ መዝገብ ወደ አሜሪካ መዝገብ ጠባቂዎች ስለማይተላለፍ፥ በዚያ እንደ ታዳጊ ከመጀመሪያ ይቈጠራል። በአንድና በሁለት ዓመት መልካም ነጥብ ቢያገኝ እንኳ መዝገቡ ገና አጭር ነው፤ በትንሽ ካርድ የታመነውንም ሰው ለቤት የሚሆን ታላቅ ገንዘብ አያምኑትም።

እስከዚህ ድረስ የአበዳሪው ጥንቃቄ ነው፤ ገንዘቡ የሌሎች ሰዎች አደራ ነውና መጠንቀቁ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ምክንያትን ሰውሮ መከልከል ነው። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት በ1974 ዓ.ም. አበዳሪ በወንድና በሴት፥ በጋብቻም ምክንያት እንዳያዳላ በሕግ ከለከለ፤ በ1976 ዓ.ም. ዘር፥ ቀለም፥ ሃይማኖትና የትውልድ አገር ተጨመሩበት። ማመልከቻው ተሟልቶ የቀረበለት አበዳሪ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማስታወቅ አለበት። ከከለከለም ምክንያቱን ለይቶ ይጽፋል፤ ወይም አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ምክንያቱን የመጠየቅ መብት እንዳለው ይነግረዋል። «ነጥብህ አልበቃም» ማለት ብቻውን እንደ ምክንያት አይቈጠርም።

በ1970 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ሕግ ደግሞ፥ በመዝገብ ሳቢያ የተከለከለ ሰው መዝገቡን በ60 ቀን ውስጥ ያለ ዋጋ እንዲያይ ይፈቅዳል። ስሕተት ቢያገኝ ለመዝገብ ጠባቂው ያመለክታል፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ሊያርም ይገባዋል። እንግዲህ የተከለከለ ሰው ተቈጥቶ ከባንክ ወደ ባንክ ቢሮጥ አይጠቀምም፤ አዲስ ጥያቄ በበዛ ቍጥር ነጥቡ ሊቀንስ ይችላልና። ደብዳቤውን ማንበብ፥ ምክንያቱን መጠየቅ፥ መዝገቡንም መመርመር ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው የሩቅ አገር ወሬ ለመንገር ብቻ አይደለም። ባገራችንም በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 ከቤትና ከሕንፃ በቀር የሌለ ይመስል የነበረውን መያዣ አስፍቶ፥ ከብትና ሰብል፥ መኪናና መሣሪያም መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር በኩል ሰው በስልኩ አጠቃቀም እየተመዘነ አነስተኛ ብድር የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። ቍጥር ሰውን መመዘን ወደ እኛም መጥቷል ማለት ነው። ቍጥሩ ሥራን ማፋጠኑ፥ አድልዎንም መቀነሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቍጥር አይጠየቅም፥ መልስም አይሰጥም። መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

ዳኛ ፍርዱን ከነምክንያቱ ያነባል፤ የተፈረደበትም ምክንያቱን ሰምቶ ይግባኝ ይላል። ባንክ ብድር ሲከለክል፥ መሥሪያ ቤትም ማመልከቻ ሲመልስ፥ ሥርዓቱ ከዚህ ማነስ የለበትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይህን ያህል የከበረውን የሰው ስም የሚመዝን ሁሉ ሚዛኑን ይግለጥ፤ የተከለከለም ሰው ምክንያቱን ለመጠየቅ አይፈር።