በጎንደርና በኢየሩሳሌም መካከል የተከፈለ ቤተ ሰብ

የአንድ አገር የስደተኞች ሕግ በሕፃናት ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ለመመዘን የሚሻ ሰው፣ አንቀጹን ከማንበቡ አስቀድሞ ሕጉ እስኪፈጸም ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ቢጠይቅ ይበጀዋል፤ ልጅ ውሳኔ እስኪወጣለት ድረስ ዕድሜውን አቁሞ አይጠብቅምና። ያድጋል፣ ለአካለ መጠን ይደርሳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ውሳኔው በመጣም ጊዜ በመዝገብ የተጻፈው ሕፃን የሌላ ሕፃን አባት ሆኖ ይገኛል። ይህን ነገር በጎንደርና በእስራኤል መካከል ተከፍለው የሚኖሩት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ወገኖች ያህል በገዛ ሕይወቱ የተማረ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

በ1950 የወጣው የእስራኤል የመመለስ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአይሁድ ሁሉ በሩን የከፈተ ቢሆንም፣ ቤተ እስራኤል በዚህ ሕግ ሊገቡ የቻሉት ሊቀ ረቢው ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ከመሰከሩላቸው፣ መንግሥቱም በ1975 ይህንኑ ከተቀበለ በኋላ ነው። በ1970 የተጨመረው ማሻሻያ መብቱን እስከ ልጅ ልጅ ሲያደርስ በፈቃዱ ሃይማኖቱን የለወጠውን ለይቶ አስቀርቷል። ስለዚህም ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡት፣ ፈላስ ሙራ የሚባሉት ወገኖች፣ ከመመለስ ሕግ ውጭ ቀርተው፣ በመግቢያ ሕግና በአገር ግዛት ሚኒስትሩ ፈቃድ ብቻ የሚገቡ ሆኑ። እነዚያ ቅድመ አያቶች ርስት የተነፈጋቸው፣ በአንጥረኛነትና በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ፣ የሚሲዮናውያን ስብከትና በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው የክፉ ቀን ረኃብ የተፈራረቁባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ረኃብ ያስለወጠው ሃይማኖት በፈቃድ የተለወጠ ተብሎ መቆጠሩን አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

የቤተ ሰብ መለያየት ግን በፈላስ ሙራ አልጀመረም። በ1984 መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ በሚባለው በረራ ከሱዳን ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ እስራኤል ከተጓዙ በኋላ፣ ወሬው አደባባይ ስለ ወጣ በረራው በጥር 1985 በድንገት ተቋረጠ፤ ልጅ በእስራኤል፣ እናት በገዳሪፍ አጠገብ ባለው በኡም ራኩባ መጠለያ ወይም ገና በኢትዮጵያ ሰሜን ወረዳዎች ቀረች። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ብቻቸውን የደረሱት ወጣቶች አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ብዙዎቹም እጓለ ማውታ ይሁኑ ወላጅ ያላቸው ይሁኑ ሳይረዱት እስከ ሰሎሞን ዘመቻ፣ እስከ ግንቦት 1991 ድረስ ቆዩ። በዚያ ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ፣ የክርስቲያን ዘር የተባሉት አዲስ አበባ ላይ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ውሳኔ በውሳኔ ላይ ተደረበ። በ2003 የእናት ሐረገ ትውልድ መለኪያ ሆነ፤ በ2013 ጉዞው ተፈጸመ ተብሎ ታወጀ፤ በ2015 ደግሞ ወደ 9,000 የሚጠጉ የቀሩ ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ፤ ጥቂት ወራትም ሳይቆይ በጀት የለም ተባለ። የ2018ቱን ውሳኔ ግን ቆም ብሎ መመርመር ይገባል። ለ1,000 ሰዎች ያህል የፈቀደው ይህ ውሳኔ በእስራኤል ልጅ ያላቸው ወላጆች እንዲገቡ፣ ያላገቡና ያልወለዱ ልጆቻቸውንም እንዲያስከትሉ ይላል። ሲነበብ ርኅራኄ ያለበት ይመስላል። እስቲ በጎንደር ጭቃ ቤት ተከራይታ ዐሥራ አምስት ዓመት የጠበቀችን አንዲት እናት እናስብ፦ የበኩር ልጇ በሚስቱ የዘር ሐረግ ገብቶ እስራኤል ይኖራል፤ ታናሺቱ አብራት አለች፤ መካከለኛይቱ ግን በጥበቃው ዘመን ተድራ ወልዳለች። እናት ከበኩሩ ጋር ለመገናኘት መካከለኛይቱን ከነልጅ ልጇ ጥላ ትሄዳለች። ቤተ ሰብን ለማገናኘት የወጣው ውሳኔ ያንኑ ቤተ ሰብ በሌላ ስፍራ ይቆርጠዋል።

ጥበቃውም ባዶ እጅ ያስቀራል። ከገጠር የወጣው ገበሬ ቀበሌውን ለቆ ሲሄድ የያዘው መሬት ለሌላ ይሰጣል፤ ስለዚህ ጎንደር ገብቶ የቀን ሥራ የሚለምነው አባት ወደ ኋላ የሚመለስበት ማሳ የለውም፣ ወደ ፊትም ቪዛ የለውም። ልጆቹ በቆርቆሮ በተከደነው ጸሎት ቤት ነጠላ ከተከናነቡት እናቶቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ጸሎቱን በዕብራይስጥ ይከተላሉ፤ ቤት ሲመለሱ በአማርኛ ይጫወታሉ፤ ነገ ይሄዳሉ የተባሉ ልጆች ስለ ሆኑም ጎረቤት እንደ እንግዳ ያያቸዋል። በዚያ ማዶ ደግሞ የውትድርና ግዳጃቸውን የፈጸሙ ወንድሞቻቸው የወላጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው በኢየሩሳሌም ይሰለፋሉ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ በሙሴ ዘመቻ የገቡት ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ እንኳ፣ መንግሥቱ በዚያ ዓመት የፈቀደው 2,000 ሰው ነበር።

ባለሥልጣኖቹ የሚሰጡት ምክንያት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ የገባ ሁሉ ዘመድ ከኋላው ይተዋልና ሰንሰለቱ አያልቅም፣ ዘሩን በሐሰት የሚያስመዘግብም አይጠፋም ይላሉ። ሐሰተኛውን መመርመር የመንግሥት መብት ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱን የሚያረዝመው ቤተ ሰቡን በየጊዜው በከፊል ማስገባቱ ነው፤ በ2003 አብረው ተመዝግበው አብረው ቢገቡ ኖሮ የዛሬው ጠባቂ እጅግ ያንስ ነበር። የሚገባው ነገር እያንዳንዱን ልጅ በተመዘገበበት ቀን በነበረው ዕድሜና ሁኔታ መቁጠር፣ ያገባውንም ከወላጁ አለመለየት ነው። እስከ አሁን የወጣው ሁሉ በካቢኔ ውሳኔ ስለ ሆነ፣ ይህንም ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ አንድ የካቢኔ ውሳኔ ይበቃል።