ሕመሙና ሁለቱ መሸሻዎች

ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ፣ መካድና ለያይቶ መያዝ ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ፤ ደረጃቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሕመም ነው፦ የማይስማሙ ሁለት እምነቶች፣ ወይም እምነትና ድርጊት፣ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ የሚሰማ የውስጥ መረበሽ። ሌሎቹ ሁለቱ ያ ሕመም እንዳይመጣ የሚደረጉ ሽሽቶች ናቸው።

የኮግኒቲቭ ዲሶናንስን ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1957 በመጽሐፍ ያቀረበው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጄምስ ካርልስሚዝ ጋር ባሳተመው ሙከራ፣ ተማሪዎች አንድ ሰዓት ያህል አሰልቺ ሥራ ከሠሩ በኋላ ለቀጣዩ ተረኛ «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲዋሹ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ 20 ዶላር፣ ለሌሎቹ 1 ዶላር ተከፈለ። ኋላ ሲጠየቁ ሥራውን ይበልጥ የወደዱት 1 ዶላር ያገኙት ሆነው ተገኙ። 20 ዶላር የተቀበለው ለምን እንደዋሸ ያውቃል፤ ያኛው ግን ለውሸቱ በቂ ምክንያት ስላጣ አስተያየቱን ራሱን ለወጠ።

ከሙከራ ክፍል ውጭም ይኸው ይታያል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በፔንታገንና በሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለችው ክሪስታል ሲቲ አካባቢ ታክሲ በመንዳት ወይም በፓርኪንግ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በምህንድስና የተመረቀ፣ ዲቪ ሲደርሰው ያለውን ሸጦ የመጣ ነው እንበል። ሌሊት ፓርኪንግ ሲጠብቅ «ይህን ሁሉ የከፈልኩት ለዚህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቆጠቁጠዋል። ሥራ መለወጥ ቶሎ አይሆንም፤ ሐሳብን መለወጥ ግን ይቻላል። «እዚህ ሥራ አይናቅም፤ አገር ቤት ብቀር ምን ላይ እገኝ ነበር?» ይላል፤ ደግሞም ያምንበታል።

በመካድ ጊዜ ግን ጭቅጭቁ ራሱ አይጀመርም፤ አንደኛው እውነት እንዳለ ተቀባይነት አላገኘምና። የሥነ ልቦና ተንታኟ አና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1936 መካድን ከአእምሮ መከላከያዎች ጋር አንስታዋለች። ሐኪም ቤት ስኳር እንዳለበት የተነገረው ሰው «ማሽናቸው አያስተማምንም» ብሎ ሻዩን እንደ ወትሮው በሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ እየዋሸ አይደለም። ይህ የመካድና የመዋሸት ልዩነት መጠበቅ አለበት፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ እያወቁ የሸሸጉ ባለሥልጣናት ካጆች ሳይሆኑ ደባቂዎች ነበሩ።

ለያይቶ መያዝ ከሦስቱ ረቂቁ ነው። ሁለቱም እውነቶች ታምነዋል፤ የሚጎድለው መገናኘታቸው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚያምረው ምሳሌ የተገኘው ከደቡብ ኢትዮጵያ ዶርዜዎች ነው። ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዳን ስፐርበር እንደጻፈው፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ስለሆነ ጾም ይጠብቃል ይላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ከብቶቻቸውን ከሌላው ቀን ባላነሰ ጥንቃቄ ይጠብቃሉ። ይህን የሚያደርጉት ጾም የሚሽር ነብር ይኖራል ብለው አይደለም። ነብር ይጾማል፤ ነብር ሁልጊዜ አደገኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያመሳክር የለም።

በዶርዜዎች ለመደነቅ የሚቸኩል አንባቢ የቨርጂኒያዋን አሌክሳንድሪያን ይይ። «ከርሞ ጠቅልዬ እገባለሁ» እያለ አዲስ አበባ ለሚያሠራው ቤት በየወሩ ብር የሚልክ ሰው፣ በዚያው ሰሞን በሠላሳ ዓመት የሚከፈል የቤት ብድር ይፈርማል። ሁለቱም ዕቅዶች ከልብ ናቸው። እናቱ በስልክ «መቼ ነው ታዲያ የምትመጣው?» ስትለው ብቻ ለአፍታ ይገናኛሉ፤ ያኔ ወይ ወሬ ይቀየራል፣ ወይ ዲሶናንሱ ይጀምራል።

ለያይቶ መያዝ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። በድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ የቤቷን ሐዘን ለጊዜው ካላቆየች ሥራዋን አትሠራም። መካድም ቢሆን በመርዶ የመጀመሪያ ሰዓታት ፋታ ይሰጣል፤ የሚጎዳው ሕክምና ሲያዘገይ ነው። ለካጅ ማስረጃ መደርደር ክርክሩን ሊያጠነክር ይችላል። ስለዚህም የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባስተዋወቀው የምክር ዘዴ ባለሙያው አይከራከርም። «ልጆችህን ለመዳር ትፈልጋለህ፤ መድኃኒቱንስ እየወሰድክ ነው?» በሚል ዓይነት ጥያቄ ሰውየው የሚመኘውንና የሚያደርገውን በራሱ አንደበት እንዲያገናኝ ያደርገዋል፤ ዲሶናንሱን ሆን ብሎ ይቀሰቅሳል ማለት ነው።