በአሥራ አራት ዓመቱ ብቻውን የሚበር ልጅ

ጀርመን ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ መንገድ ላይ መኪና ሲነዳ ቢገኝ ፖሊስ ያስቆመዋል። አውሮፕላን ብቻውን ቢያበር ግን ሕጉ ይፈቅድለታል፤ አሜሪካም እንዲሁ። ታዲያ አውሮፕላኑ ሞተር የሌለው መሆን አለበት። ሞተር ያለውን ብቻውን ለማብረር አሜሪካ ውስጥ 16 ዓመት መሙላት ግድ ነው።

ሞተር አልባው ግላይደር ይባላል። እኛ ዘንድ አብራሪነት ሲነሳ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው የአየር መንገዱ ደንብ ልብስ፣ የመግቢያ ፈተናውና ደመወዙ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፦ ልጁን ከአየር ጋር ማስተዋወቅ። ለዚህ ከግላይደር የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ብዙ ክለቦች ጀማሪ የሚያስተምሩበትን ኤኤስካ 21 እንውሰድ። ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ለስላሳና ቀጭን ነገር ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን 360 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ተማሪው ከፊት፣ አስተማሪው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ መሪ ዘንግና የእግር ፔዳል ሁለቱም አላቸው። አየሩ ከተረጋጋ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ መሬት እስኪነካ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኮክፒቱ ውስጥ ፍጥነት መለኪያ፣ ከፍታ መለኪያና የመውጣቱንና የመውረዱን ልክ የሚናገር መሣሪያ አሉ። ከሁሉም የምወደው ግን ከውጭ፣ መስታወቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈችውን አጭር የሱፍ ክር ነው። ክሯ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ከተኛች አውሮፕላኑ አየሩን በአፍንጫው እየሰነጠቀ ነው፤ ወደ ጎን ካዘነበለች ልጁ ፔዳሉን በትክክል አልረገጠም። በዓለም ሻምፒዮና የሚወዳደሩ አብራሪዎችም ይህችኑ ክር ለጥፈው ይበራሉ።

ያለ ሞተር እንዴት አየር ላይ ይቆያል? ግላይደር ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሳይመታ እንደሚንደረደር ብስክሌት ነው፤ የሚገፋው የራሱ ክብደት ስለሆነ ሁልጊዜም እየወረደ ነው። ጥሩ ሲያዝ በሴኮንድ ከ1 ሜትር በታች ይወርዳል። ነገር ግን በዙሪያው ያለው አየር ራሱ በሴኮንድ 3 ሜትር ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ እየወረደም ከፍ ይላል። ፀሐይ የታረሰ መሬትን፣ አስፋልትንና ዐለትን ከጫካና ከሐይቅ ፈጥና ታሞቃለች። የሞቀው አየር ከመሬት ይላቀቅና ወደ ላይ ይተማል። የአብራሪው ጥበብ ይህን ዐምድ ፈልጎ ማግኘትና ሳይወጡ በውስጡ መዞር ነው። አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ከዐይን ሲሰወር ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ግላይደር አብራሪዎችም ወፍ ሲዞር ካዩ ወደዚያው ያቀናሉ።

ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚሰደደው ነጭ ሽመላም በዚሁ ዘዴ ይጓዛል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ የሚወጣ አየር ስለማያገኝ ሜዲትራንያንን በቀጥታ አያቋርጥም፤ ዳርቻውን ተከትሎ በእስራኤል ሰማይ ላይ በብዛት ያልፋል። የወፍ ተመራማሪው ዮሲ ሌሼም መንጋዎቹን መነሻ ሞተር ባለው ግላይደር አብሯቸው እየበረረ አጥንቷል። የእስራኤል አየር ኃይል ጄቶች ከወፎች ጋር እንዳይጋጩ የወጣው ሥርዓት ከዚህ ጥናት ብዙ ተጠቅሟል።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። ግላይደር ክለብ ሄዶ እንደ ደንበኛ መቀመጥ የለም። ጠዋት መጋዘኑ ይከፈታል፤ አውሮፕላኖቹ በእጅ እየተገፉ ይወጣሉ። አንዱ የክንፉን ጫፍ ይዞ ይሮጣል፣ አንዱ የበረራ ሰዓት ይመዘግባል፣ አንዱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የዊንች ገመድ ጎትቶ ያመጣል። ዊንቹ፣ ማለትም ገመድ የሚጠቀልለው ማሽን፣ ገመዱን ሲስብ ግላይደሩ ጭራውን መሬት ላይ የሚያስቀር ይመስል ሽቅብ ይነሣል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ 400 ሜትር አካባቢ ይደርስና ገመዱን ይለቃል። የሚወጣ አየር ካልተገኘ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መሬት ነው። ለእነዚያ ደቂቃዎች ልጁ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲገፋና ሲጎትት ይውላል፤ ክረምቱን ደግሞ ወርክሾፕ ውስጥ ሲያጥብ፣ ሲያሸና ሲቀባ። ይህ የማይጥመው ልጅ አለ፤ በጊዜ ይሄዳል። ከሚቆዩት ውስጥ ግን ከማብረር ይልቅ ጥገናው የሚማርከው፣ የአየር ጠባይ ትንበያው ወይም የሬዲዮ ንግግሩ የሚስበው ይገኛል። አቪዬሽን አብራሪ ብቻ አይደለም የሚባለው ለወግ ሳይሆን እዚህ ሜዳ ላይ በግልጽ ይታያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በርሮ በሰላም ያረፈ ልጅ በጀርመን ክለቦች ልማድ መቀመጫውን በጓደኞቹ በየተራ በጥፊ ይመታል። አየሩን በመቀመጫህ ታውቀው ዘንድ ነው ይሉታል። ከዚያም እሾህ ያለበት የአረም እቅፍ ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ሥር የሰደደው ቫሰርኩፔ በሚባል የጀርመን ተራራ ላይ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የቬርሳይ ውል ጀርመን ወታደራዊ አየር ኃይል እንዳይኖራት ከለከለ፤ የሞተር አውሮፕላን ሥራዋንም አጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1920 ኦስካር ኡርሲኑስ የተባለ መሐንዲስና የመጽሔት አዘጋጅ ወጣቶችን በተራራው ላይ ለሞተር አልባ ውድድር ጠራ። ሞተር ቢከለከሉ ነፋስን ተማሩ። ታሪኩ ንጹሕ ብቻ አይደለም፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ይህንኑ የወጣቶች ፍቅር ለጦር አብራሪ መመልመያ አውለውታል። የኤኤስካ 21 ፋብሪካ ዛሬም ከዚያው ተራራ ሥር በፖፐንሃውዘን ይገኛል።

ትልቁን አውሮፕላን ለሚመኝ ልጅ ይህ ሁሉ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ይህን ታሪክ ግን ይስማ። ሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከ12 ሺህ ሜትር በላይ እየበረረ ሳለ ነዳጁ አለቀ፤ ሲሞላ ኪሎ ግራምና ፓውንድ ተምታተው ነበር። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ ሮበርት ፒርሰን ግላይደር ማብረር የለመደ ሰው ነበር። ረዳቱ ሞሪስ ኩዊንታል ቀድሞ ያገለገለበትን ጊምሊ የተባለ የተዘጋ የአየር ኃይል ማረፊያ አስታወሰ። ሲደርሱ ከፍታው ስለበዛ ፒርሰን አውሮፕላኑን በጎኑ አንሸራትቶ አወረደው፤ ግላይደር አብራሪ ሁሉ የሚማረው፣ በመንገደኛ ጄት ላይ ግን ማንም የማይሠራው ነገር ነው። የተሳፈሩት 69 ሰዎች በሙሉ ተረፉ።

በአገራችን ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ብዙ ሴት ልጆች ሰማዩን በሌላ ዐይን አይተውታል። አስመላሽ ዘፈሩ ደግሞ የበረራ ትምህርት ቤት ሳይቀበለው ሲቀር አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቷል። በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል፣ አውሮፕላን ለመንካት ብቻ ብሎ ቅዳሜ ጠዋት የሚነሣ ተማሪ የሚሄድበት ሜዳ ቢኖር እመኛለሁ። ሜዳው፣ የሚወጣው ሞቃት አየርና አሞራው ሞልተውናል።

ጀርመን፣ አሜሪካ ወይም እስራኤል ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ግን መመኘት አያስፈልገውም። አሜሪካ ውስጥ ያንግ ኢግልስ የተባለው ፕሮግራም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን በፈቃደኛ አብራሪዎች አንድ ጊዜ በነፃ ያበራል። ግላይደር ክለቦችም አብዛኛው ሥራቸው በፈቃደኛ አባላት ስለሚሠራ ዋጋቸው ከሞተር አውሮፕላን ትምህርት ብዙ ይቀንሳል። አደጋ የለውም አይባልም፦ ግላይደር ለማረፍ ያለው አንድ ዕድል ነው፤ አልተመቸኝም ብሎ ተመልሶ መነሣት የለም። ስለዚህ የሚፈራ ወላጅ አስተማሪዎቹን ያነጋግር፣ ሜዳው ላይ ቆሞ አንድ ቀን ይመልከት። ብዙ ክለቦች እንግዳ ያሳፍራሉ፤ እናት ወይም አባት ቀድመው ቢሞክሩት የሚሰጣቸው የፊተኛው መቀመጫ ነው፤ አስተማሪው ከኋላ ይሆናል።